የሲሪል ሆልሮይድ እሑዶች

ሲሪል ሆልሮይድ የሃምሳ ዓመት ሰው ፊት ይዞ ነው የተወለደው። እናቱ "አዋላጇ ስታቅፈው 'ሚስተር ሆልሮይድ' ብላ ልትጠራው ምንም አልቀራት" ትል ነበር። ጉንጩ የረገበ፣ ከዓይኑ ሥር ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ግንባሩ የተሸበሸበ ሕፃን ነበር። በሰሜን እንግሊዝ፣ ሃሊፋክስ ውስጥ፣ የምንጣፍ ፋብሪካው ጢስ የታጠበ ልብስ በሚያጠቁርበት ሠፈር፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እሱን ዳኛ ያደርጉት ነበር፤ እንደዚያ ያለ ፊት ያለው ልጅ ሌላ ምን ይደረጋል? የሰንበት ትምህርት ቤቱ የገና ጨዋታ ሲዘጋጅም የሽማግሌው የስምዖን ቦታ ያለ ክርክር ለእሱ ተሰጠ። ጢም መለጠፍ እንኳ አላስፈለገም።

የቴአትር ፍቅር የያዘው ያን ቀን ነው። እቤት ልጆቹ ብዙ ስለነበሩ ለመሰማት መጮኽ ያስፈልግ ነበር፤ ሲሪል ደግሞ መጮኽ አይሆንለትም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ሕፃኑን ኢየሱስ የሆነውን አሻንጉሊት አቅፎ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሲናገር ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። የሚያስል እንኳ አልነበረም። ለእኔ ነው ዝም ያሉት ብሎ አሰበ፤ እናም ያን ጸጥታ ከከተማ ከተማ ሲያባርር ኖረ።

ከውትድርና ግዴታው ሲመለስ ለአባቱ ነገረው። አባትየው እዚያው ምንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ ያረጀ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር።

"ተዋናይ?" አለ። "በዚህ ፊት?"

"የሚፈልጉት እኮ ፊቴን ነው፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ፊትህን ላክላቸውና አንተ ፋብሪካ ግባ።"

ፊቱም እሱም ሄዱ።

የገባበት ቡድን ተጓዥ ነበር። ሰኞ አንድ ከተማ ላይ ይከፍታሉ፣ ቅዳሜ መድረኩን ነቅለው ያስራሉ፣ እሑድ በባቡር ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ። ሲሪል ገና በሃያ ዓመቱ አያት ሆነ። ከዚያ ቄስ፣ ዳኛ፣ ንፉግ አጎት፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ የሚሞት አባት። ላንክሻየር ውስጥ ያልሞተበት ከተማ የለም ማለት ይቻላል። ዋናዎቹ ተዋናዮች ወጣት ለመምሰል መስተዋት ፊት ሲሰቃዩ እሱ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣ ነበር።

ከመድረክ ሲወርድ ግን የሚጠብቀው የኪራይ ክፍል ነው። በየከተማው አንዲት አከራይ፣ በየአከራይዋ ቤት የተቀቀለ ጎመን ሽታ፣ ከሽታው መሐል አንድ ሰው የሚተኛበት አልጋ። ሳህን የተደፋበት እራት ጠረጴዛ ላይ ይቆየዋል፤ ሰው ግን አይቆየውም። አልጋውን ለመድኩት ሲል ቅዳሜ ይደርሳል። ብቸኝነት ከበደኝ ብሎ ለማንም አልተናገረም፤ ለማን ይናገራል?

በርንሊ በምትባል ከተማ የሆነውን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባም። የቴአትር ሰዎች የሚፈሩት ነገር ብዙ ነው። ከመድረክ ጀርባ አይፏጭም። የጣዎስ ላባ መድረክ ላይ አይወጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተውኔቱ የመጨረሻ ቃል በልምምድ ላይ አይነገርም፤ እዚያ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፣ ወይም እጃቸውን አወናጭፈው ያልፉታል። ያ ቃል ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በመጀመሪያው ምሽት የሚነገር ነው። ቀድሞ የተናገረው ሥራውን ሳይጀምረው ጨረሰው ማለት ነው። ሲሪል ይህን የነገረው አልነበረም። በርንሊ ላይ የመጨረሻው ቃል ለእሱ ደርሶት፣ ልምምድ ላይ አፉን ሞልቶ፣ እጁን ዘርግቶ ተናገረው።

መድረኩ ላይ የነበረው ሁሉ ክው አለ። ዋናዋ ተዋናይት "ምነው አንተ ገደ ቢስ!" ብላ ዘፍ አለች።

በዚያው ሳምንት የቴአትር ቤቱ የማሞቂያ ጋን ፈንድቶ አዳራሹን ውሃ ሞላው፤ ተውኔቱም ቀረ። ጋኑ ያረጀ ነበር፤ ይቀየር ይቀየር ሲባል ዓመት አልፎታል። ቢሆንም ቡድኑ ሲሪልን "ሟርተኛው" ብሎ ሰየመው፣ እሱም ስሙን ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ መልካም ነገር ሳይፈጸም ካፉ አይወጣም። ነገ ፀሐይ ትወጣለች ብሎ እንኳ አይናገርም ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ጉርሻም እንደማይገባበት ግን የመከረው የለም።

የባቡር ሠራተኞቹ "እሑድ የሚጓዙት ዓሣና ተዋናይ ብቻ ናቸው" ይሉ ነበር። ተዋናዩ ሁሉ ደግሞ ባቡር የሚቀይረው ክሩው ጣቢያ ላይ ነው። አገሩ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ሲያንቀላፋ ክሩው የቴአትር ሰዎች ገበያ ትሆናለች። ከሰሜን የመጣው ቡድን ከደቡብ ከመጣው ጋር ይገናኛል፤ ማን እንደተጋባ፣ ማን እንደተባረረ፣ የትኛዋ አከራይ ቤት ትኋን እንዳለ፣ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ማዶው እየተጯጯኹ ይነጋገራሉ። ሲሪል ማቪስ ሎማክስን ያገኛት እዚያ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ነው። አጥንት የሚሰብር ብርድ ነበር፣ የቀረውም አንድ ወንበር ብቻ። ሁለቱም እኩል ደረሱ።

"ይቀመጡ አባቴ" አለችው፣ ሻይዋን ይዛ ወደ ኋላ እያለች። "እኔ ቆሜ እጠጣለሁ።"

"ሃያ ሦስት ዓመቴ እኮ ነው" አለ ሲሪል እየተቀመጠ።

ማቪስ ጎንበስ ብላ ፊቱን ከቅርብ መረመረችው። "ውሸትህን ነው።"

"እናቴ ትሙት።"

"እንግዲያውስ ተነሥልኝ፣ እግሬ አልቋል!"

ተነሣላት። በሊጥ ተሸፍኖ ከተጋገረው የአሳማ ሥጋ ፓይዋ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችው። የሌላ ቡድን ተዋናይ ነበረች፤ ዕጣ ክፍሏ የቤት ሠራተኛ መሆን ሆኖ በየምሽቱ "ሻይ ቀርቧል፣ እመቤቴ" እያለች ትገባለች፣ ትወጣለች። አጭር ናት፣ ወፈር ያለች፣ ስትስቅ ጣቢያው ሁሉ ዞሮ የሚያያት። ሲሪል ያን ቀን ባቡሩ ሊያመልጠው ነበር።

ከዚያ በኋላ ኑሮው በእሑድ ሆነ። የሁለቱ ቡድኖች መንገድ አንዳንዴ በየሁለት ሳምንቱ ይገጥማል፣ አንዳንዴ አንድ ወቅት ሙሉ አይገጥምም። ሲገጥም ግማሽ ሰዓት ያገኛሉ፣ የማቪስ ባቡር ከዘገየ ትንሽ ይጨመርላቸዋል። ሲሪል የእንግሊዝን ባቡሮች መዘግየት የሚያመሰግን ብቸኛው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ከስድስቱ ቀን የተረፈውን ወሬ ሁሉ ለእሷ ያመጣል፤ እሷም በምትነግረው ሁሉ ታስቀዋለች። ስለ ፍቅር ተናግረው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጓንቷን እያወለቀች፣ እንዲህ አለችው።

"ምን እንደምመኝ ታውቃለህ? ባለፈው ሳምንት ኮቴን የሰቀልኩበት ምስማር ላይ በዚህም ሳምንት መስቀል።"

"ቋሚ ቡድን ማለትሽ ነው?"

"አንድ ከተማ፣ አንድ ቤት። አንተም ከማዶው ክፍል ስታንኮራፋ እየሰማሁ።"

"እኔ አላንኮራፋም።"

"በዚህ ፊት የማያንኮራፋ ሰው የለም" አለችው። ሳቀች፤ ግን ዓይኗን ከፊቱ ላይ አላነሣችም። ሲሪል እስከ ብላክበርን ድረስ ያቺን አነጋገር በልቡ ሲደጋግም ሄደ።

በሦስተኛው ክረምት፣ ፕሬስተን ላይ ሲጫወቱ፣ ሚስተር ፔንሮዝ የሚባል ሰው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ መጣ። ሞርካም በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ቡድን ያስተዳድራል።

"የሚያስፈልገኝ ሽማግሌ ነው" አለ ፔንሮዝ። "እውነተኞቹ ሽማግሌዎች ግን እየሞቱ አስቸገሩኝ። አንተ የምትቆይ ትመስላለህ።"

"እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጌታዬ።"

"ውሉ ማክሰኞ ይደርስሃል። ለቤት ሠራተኛና ለአሮጊት ቦታ የምትሆን ሴትም እያየሁ ነው፤ እስኪ ይሳካ።"

ሲሪል፣ ማቪስ የምትባል አለች ሊል ነበር፤ ግን የራሱስ መች ተፈረመና ነው? ማክሰኞ ውሉ እጄ ሲገባ እናገራለሁ አለ በልቡ። ሌሊቱን ግን አልተኛም። በሐሳቡ ግድግዳ ላይ ምስማር እየመታ፣ ኮት እየሰቀለ አነጋ።

እሑድ ክሩው ላይ ሲገናኙ ማቪስ እንደወትሮዋ አልነበረችም። ፓዩን ቆርሳ ሰጠችው እንጂ የራሷን አልነካችውም።

"በዚህ ሳምንት ሊያይህ የመጣ ሰው የለም?" አለችው።

"እኔን ማን ያያል?"

"እንዲያው ነው። ከአለቆች፣ ከሚቀጥሩ ሰዎች።"

"ኧረ የለም።"

ፓይዋን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ፣ የሻይ ማንኪያውን እያዞረች፣ "የኛ ቡድን አውስትራሊያ ሊሄድ ነው። አንድ ዓመት። ና ብለውኛል፤ ነገ ጠዋት መልስ ይፈልጋሉ" አለች።

ሲሪል ወደ እሷ ጠጋ አለ። "እስከ ረቡዕ አይቆዩሽም?"

"ለምን? ረቡዕ ምን አለ?"

አፉን ከፈተ። ሁሉ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሞርካም፣ ፔንሮዝ፣ የሚፈለገው የሴት ቦታ። የበርንሊ ጋን ግን እዚያው ፊቱ ላይ ፈነዳበት። ገና አልተፈረመም። ሁለት ቀን ቀርቶት አሟርቶ ያጥፋው? ከራሱ አልፎ የእሷንም ዕድል? ይህን ስጽፍ እንኳ ልጮኽበት ይቃጣኛል። ተናገር አንተ ሞኝ! ቃል ያፈነዳው ጋን የለም!

"ምንም" አለ ሲሪል። "ምንም የለም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ባቡሯ ገባ። ማቪስ ጓንቷን አጠለቀች፣ "እሺ ሲሪል" አለች፣ ሄደች። በመስኮት እጇን ታውለበልብ ነበር ሌላ ጊዜ፤ ያን ቀን ግን ፊቷን ወደ ውስጥ አዙራ ተቀመጠች።

ውሉ እንደተባለው ማክሰኞ መጣ። ሲሪል ፈርሞ፣ ከዚያው ከፖስታ ቤቱ ለማቪስ ቴሌግራም ላከ፤ ሞርካምን አገኘሁ፣ ፔንሮዝ ከፕሬስተን ጀምሮ ቃል ሰጥቶኝ ነበር፣ ለአንቺም እለምነዋለሁ የሚል። መልሱ ቶሎ ደረሰው፦ ትናንት ጠዋት ለአውስትራሊያው ፈርማለች፣ መልካም ዕድል። የፈረሙትን ሥራ ማፍረስ በዚያ ሙያ ከስርቆት አይተናነስም፤ ስለዚህ መለመንም አልቻለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። አንድ ዓመት ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ዓመቱ ሲያልቅ ማቪስ አድሌድ የሚባል ከተማ ላይ ወተት ነጋዴ አግብታ ቀረች የሚል ወሬ ሊጠይቅ ክሩው በሄደበት እሑድ ከሐዲድ ማዶ ጮኾ የነገረው ሰው አለ።

ሞርካም ላይ ቋሚ ቤት አገኘ፣ ምስማርም አገኘ። የሚሰቀልበት ግን የእሱ ኮት ብቻ ነበር። ከማዶው ክፍል የምታንኮራፋው የአከራይዋ የሚስስ ኦግደን ድመት ነበረች። ዓመታቱ አለፉ፤ ቴሌቪዥን መጣ፣ የሚዝናናው ሰው ወደ ሙቅ አገር መብረር ጀመረ፣ ፔንሮዝም ቴአትር ቤቱን ለቁማር ቤት ሸጠ። ሲሪል በተራው ወደ ካሜራው ሄደ። የቤት አሽከር፣ የቀብር አስፈጻሚ፣ መርማሪው መጥቶ የሚገልጠው ሬሳ ሆነ። አንድ ትልቅ ፊልም ላይ ሻማ ይዞ ደረጃ ሲወጣ አንድ ሳምንት ቀረጹት፤ ፊልሙ ሲወጣ የታየው እጁ ብቻ ነው። ፊቱን አገር ሁሉ ያውቀዋል፣ ስሙን የሚያውቅ የለም። ዓሣና ድንች ጥብስ ሊገዛ ሲሰለፍ ሴቶች ትኩር ብለው ያዩትና "ይቅርታ፣ የጋዝ ቆጣሪ የሚያነበው ሰው አይደሉም?" ይሉታል።

"አዎ" ይላል አንዳንዴ። ቢያንስ ወሬ ይቀጥላል።

የሚከብደው እሑድ ነው። በባቡር የሚሄድበት የለም፣ የሚመጣለትም የለም። አንድ እሑድ ከሚስስ ኦግደን ሳሎን ተቀምጦ ራሱን በቴሌቪዥን ሲሞት አየ። አከራይዋ እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። በደንብ ነው የሞተው፣ ጨዋ አሟሟት። ዞር ሲል "አንተ ነህ እኮ!" የሚለው ሰው አልነበረም። ድመቷን ቀሰቀሳት፤ እሷም ቀና ብላ አይታው ተመልሳ ተኛች። ሲሪል ያን ጊዜ አለቀሰ፤ እንባው እንዴት እንደሚመጣ ረስቶት ስለነበር ራሱም ደነገጠ።

ፊቱና ዕድሜው እኩል ከሆኑ በኋላ፣ ባሕር ጠረፉ ላይ የቀረው አንድ ቴአትር ቤት ለገና ሰሞን ፓንቶማይም ቀጠረው። የልጆች ጨዋታ ነው፤ ዘፈንና ቀልድ፣ ውሃ መረጫጨት፣ ጩኸት። ሽማግሌ ወንድ የአሮጊት ቀሚስ ለብሶ ይወጣበታል። ሲሪል ምግብ አብሳይዋ መበለት ነበር፦ ቀይ ሰው ሠራሽ ጠጉር፣ በትራስ የተሞላ ደረት፣ ብርቱካን የሚያካክል ቀይ ክብ ጉንጩ ላይ። በቀን ሁለቴ ስለሚታይ፣ ከቀኑ ትርኢት በኋላ እስከ ማታው ድረስ እንደዚያው ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ሻይ ይጠጣል። አንድ ሰኞ ቀን እንደዚያ ተቀምጦ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

"ግቡ" አለ።

አንዲት ነጭ ጠጉር ሴት ገባች፤ ፀሐይ ያጠቆራት፣ አጭር፣ ወፈር ያለች። በሩ ላይ ቆማ ከቀይ ጠጉሩ እስከ ትራሱ ድረስ አየችው።

"ይቀመጡ እናቴ" አለች። "እኔ ቆሜ እጠጣለሁ።"

ሲሪል ኩባያውን ሊጥለው ምንም አልቀረው። "ማቪስ!"

ሳቋ ያው ነው፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማው። ላንካስተር ያለችውን እህቷን ልትጠይቅ መጥታ ስሙን መንገድ ላይ ተለጥፎ እንዳየች ነገረችው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቿ አግብተዋል።

"አንተ ግን ምንም አላረጀህም" አለችው። "ዕድሜህ ነው ሮጦ ፊትህ ላይ የደረሰው።"

"አንቺም አልተለወጥሽም።"

"ትዋሻለህ፤ ግን ቀጥል።"

ሻይ ቀዳላት። ጥቂት ካወሩ በኋላ ማቪስ ኩባያዋን አስቀመጠች። "ሲሪል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ያን እሑድ ሞርካምን አግኝተህ ነበር። ቴሌግራምህ ላይ ጽፈኸዋል። ለምን ደበቅኸኝ?"

"አልደበቅሁም፤ አልተፈረመም ነበር። ሳይፈረም ከተናገርኩት እንዳላሟርትበት ፈራሁ። የበርንሊውን ታውቂያለሽ።"

ማቪስ አፏን ከፍታ አየችው። "ለዚያ ብለህ?"

"ለዚያ ብዬ።"

"እኔ እኮ አብሬህ እንድመጣ አልፈለግህም ብዬ ነው፤ እለምንልሻለሁ ማለትህም ለይሉኝታ መሰለኝ" አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። "ፔንሮዝ ካንተ በፊት እኔን አይቶ ነበር። የሴቷ ቦታ ለእኔ ነበር የታሰበው። ሽማግሌ ፍለጋ ፕሬስተን እንደሚሄድ ራሱ ነግሮኛል። ሊያይህ የመጣ የለም ወይ ስልህ የለም አልከኝ፤ ፔንሮዝ አልወደደህም ማለት ነው ብዬ ሰኞ ጠዋት እንቢ አልኩት። ማክሰኞ ቴሌግራምህ ሲመጣ ነው የተቃጠልኩት።"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እኔስ መች ፈርሜ ነበርና?" አለች ማቪስ።

ተያዩ። ከዚያ ማቪስ መሳቅ ጀመረች፤ ሲሪልም ሳቀ፤ ትራሱ እስኪንሸራተት ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ማቪስ ዓይኗን በመሐረብ ጠራረገች። በዓለም ላይ ይህን ሞኝነት የሚረዳ ሰው ቢኖር እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

"ሐሙስ ወደ አውስትራሊያ እመለሳለሁ" አለች በኋላ። "ቤቴ ሰፊ ነው፣ ሲሪል። በረንዳ አለው። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ሰልችቶኛል። ፓንቶማይሙ መቼ ነው የሚያልቀው?"

"በወሩ መጨረሻ።"

"ከዚያስ? የሚይዝህ ነገር አለ?"

አልነበረም። ሥራ ያፈላልግለት የነበረው ሰው ከሞተ ወዲህ የሚስስ ኦግደን ስልክ ለእሱ ጮኾ አያውቅም። በዓለም ላይ የሚፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ያ በረንዳ ነበር፤ የለም ማለት ብቻ ይበቃዋል። ግን በዚያ ሙያ ያረጀ ሰው "ሥራ የለኝም" አይልም። ረኃብ አፋፍ ላይ ቆሞ እንኳ አይልም፤ የማይፈለግ ተዋናይ መሆንን ለሚወዱት ሰው መናገር ራቁትን ከመቆም ይብሳል። ምላሱ የለመደችውን ተናገረች።

"ማንችስተር ላይ አንድ ነገር አለ" አለ። "ገና ነው፤ ግን ሳይሆን አይቀርም።"

"ቴሌቪዥን?"

"ቴሌቪዥን።"

"ትልቅ ቦታ ነው?"

"ደህና ነው። ረዘም ያለ።"

ማቪስ ሙያው ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ይህን ውሸት በጠረኑ ትለየው ነበር፤ ራሷም በጊዜዋ ብዙ ጊዜ ዋሽታዋለች። ግን ወተት ስትሸጥ በኖረችበት አገር ሰው ያለውን ማመን ለምዳለች። ሥራ የያዘን ተዋናይ ደግሞ ተወው ብሎ መለመን ነውር መሆኑን አልረሳችም።

"ደስ ብሎኛል" አለች፣ ቦርሳዋን አንሥታ። "ከልቤ። ይገባሃል።"

"ሥራው ሲያልቅ፣ ከዚያ በኋላ..." አለ ሲሪል።

"አዎ፣ ከዚያ በኋላ" አለች። ጎንበስ ብላ ቀዩ ክብ ላይ ሳመችው። ወደ በሩ ስትሄድ ሲሪል "የለም፣ ዋሽቼሽ ነው" የሚል ቃል አፉ ውስጥ ነበር። ድምፅ ማጉያው ተዋንያን ወደ መድረክ ብሎ ጠራ፤ ሲሪልም የተጠራ ተዋናይ የሚያደርገውን አደረገ፤ ትራሱን አስተካክሎ ተነሣ። ማታውን ልጆቹ በሳቅ ፈነዱለት።

ሐሙስም መድረክ ላይ ነበር። በወሩ መጨረሻ ፓንቶማይሙ ሲዘጋ ባልደረቦቹ ወዴት ነህ ሲሉት፣ ማንችስተር አላቸው። ለሚስስ ኦግደንም ማንችስተር ብሏት ስለነበር እሑድ ጠዋት ዳቦ በሥጋ ሠርታ፣ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው፣ እስከ መንገዱ ጠርዝም ሸኘችው። ከዚያ ወዲያ እቤት መመለስ አልተቻለውም። ሻንጣውን ይዞ ጣቢያ ሄደ፣ የማንችስተሩ ባቡር ላይ ተሳፈረ። ሲደርስ ዝናብ ነበር። ጣቢያው ሻይ ቤት ገብቶ ተቀመጠ፤ ዳቦውን በላ፤ ወሬ የሚያወራው ሰው አልነበረውምና ከባቡር የሚወርደው ሰው የሚገባበትን በር እያየ ሻዩን ጨረሰ፣ በሚቀጥለው ባቡርም ወደ ሞርካም ተመለሰ።